ዐሥራ አንድ ዓመት የዘገየው ታንኳ

በ1990 ዓ.ም. ዝናቡ ጥቅምት ላይ አላባራም። ኅዳርም ዘነበ። ቴፒ ዙሪያ ቡናው ከነቅርንጫፉ ሻገተ፤ የተለቀመውም ማድረቂያ አልጋ ላይ እንዳለ በቀለ። ጊሎ ወንዝ ሞልቶ የቡና ገበሬውን የይስሐቅን ማሳ እኩሌታ ወሰደ። ሚስቱ ካሰች በጎርፉ መካከል አንድ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ከእሷ ሽቅብ፣ በማዶው ዳር፣ ማር የተሸከመ የማያውቁት ሰው ቆሞ ነበር። የራሱን ታንኳ ገመድ በገጀራ ቆርጦ ለቀቀላት። ካሰች በዚያ ታንኳ ተረፈች። ሰውየው በማዶ በእግሩ ሄደ፤ ስሙን የጠየቀ አልነበረም።

ይስሐቅ ታንኳውን የእሸት ቡና መዘፍዘፊያ አደረገው። ዐሥራ አንድ ዓመት ዘፈዘፈበት። በ2001 መስከረም ሲፍቀው ከአተላው ሥር በእሳት የተተኮሰ ምልክት ወጣ፤ ሦስት ጭረትና አንድ ክብ።

ካሰች አየችው። «የተረፍሁት በሰው ንብረት ነው፤ ሰውየው ሳይሞት አድርስለት» አለች።

ይስሐቅ ምልክቱን በወረቀት ገልብጦ ቴፒ ገበያ ለማር ነጋዴው ለሀምዳን አሳየው።

«የቀፎ ምልክት ነው፤ የአባፎጊ» አለ ሀምዳን። «ከከፋ አገር የመጣ ሽማግሌ ነው። ወንዙን ተከትለህ ስትወርድ ቆላው ጫፍ ላይ ታገኘዋለህ። አርጅቷልና ፍጠን።»

ይስሐቅ የቡና ሰው ነው። እርጥብ ነገር ሁሉ ፀሐይ ይፈልጋል ብሎ ታንኳውን የቡና ማድረቂያ አልጋው ላይ አሰጣው። በሦስተኛው ቀን እንጨቱ እንደ ጥይት ጮኾ ከአፍንጫው እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ።

የጅማው አናጺ ከድር ተጠርቶ መጣ። ታንኳውን ዞረው። «ቆልተህ ልትፈጨው ነበር?» አለ።

ስንጥቁን በቃጫና በሰም ደፈነው፤ ሳምንት ሙሉ ውኃ ውስጥ አቆየው። «እኔም አብሬ እወርዳለሁ» አለ። «የእጄ ሥራ ሲሰምጥ ካላየሁ ይቆጨኛል።»

የወንዙ ሙላት ሲጎድል፣ ኅዳር ላይ ተነሡ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ዝናብ ወረደባቸው፤ በቅል ውኃ እየቀዱ ሲያፈስሱ ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ከፊታቸው ውኃው አበጠና ጉማሬ አፉን ከፈተ። ይስሐቅ ወደ ቄጠማው ቀዘፈ። ጉማሬው የታንኳውን ጅራት በትከሻው ገፍትሮ አለፈ። ከድር ለረጅም ጊዜ አልቀለደም።

በሦስተኛው ቀን፣ ወንዙ በሚጠብበት ቦታ፣ ጣውላ በስውር የሚያሻግሩ ሦስት ሰዎች ገመድ ወጥረው አቆሟቸው።

«ታንኳው የእኛ ነው። በጎርፉ ጊዜ የጠፋብን» አለ አንዱ።

«ምልክቱን ንገረኝና ውሰድ» አለ ይስሐቅ።

ሰውየው ገጀራውን መዘዘ። «ምልክቱ ይኸው።»

ከድር መጥረቢያውን አንሥቶ ገመዱን በጠሰው። ታንኳው ድንጋያማው ቁልቁለት ውስጥ ገባ። ሰዎቹ ዳር ዳሩን ሮጡ፤ ገደሉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ታንኳው ከዓለት ጋር ተላተመና ስንጥቁ ተከፈተ።

«ድፈነው!» አለ ከድር።

ይስሐቅ ጋቢውን አጥፎ ጠቀጠቀበትና በደረቱ ተኛበት። ውኃው እየመታው፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ወንዙ እስኪለሰልስ ከዚያ አልተነሣም።

በማግስቱ አባፎጊን ዳር ላይ ተቀምጦ አገኙት። ጎብጧል፤ ዓይኑ ግን ሰላ ያለ ነው። ታንኳውን በእጁ ዳበሰው።

«ሴትየዋስ?» አለ።

«አለች፣ አባባ። አራት ልጆች ወልዳልኛለች።»

ሽማግሌው በእጁ ወደ ማዶ አመለከተ። «ማዶ አርባ ቀፎ ነበረኝ። ቆላው ላይ ለታንኳ የሚሆን እንጨት የለም፤ ታንኳ ከሌለ ደግሞ ማዶ የለም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አልረገጥሁትም።»

ይስሐቅ ቡና የዘፈዘፈበት ዐሥራ አንድ ዓመት ትዝ አለው። ቴፒ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር፤ መጠየቅ ይችል ነበር። ሰበብ አልፈለገም።

«በእኔ ነው የከሰሩት፣ አባባ። ይሳፈሩ» አለ።

አሻገረው። ሽማግሌው ዛፎቹ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ አዘቀዘቀች። ከድር ተቁነጠነጠ፤ ይስሐቅ ግን ታንኳውን ይዞ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

አባፎጊ ሲመለስ ጉንጩ በንብ ተነድፎ አብጧል። ይስቃል።

«ከአርባው ቀፎ ሰባቱ አሉ» አለ። «ንቦቹ እኔን አልጠበቁም፤ ሥራቸውን ቀጥለዋል።»

ከዚያም መቅዘፊያውን ከይስሐቅ እጅ ወሰደ። «አሁን አንተ ተቀመጥ። የማሻግር እኔ ነኝ።»

ይስሐቅ ተቀመጠ። ወዲህኛው ዳር ሲደርሱ ሽማግሌው ከታንኳው አልወረደም፤ የታንኳውን አፍንጫ ወደ ማዶ መለሰ።

«ለሴትየዋ» አለ፣ «ደርሶኛል በላት።»

ይስሐቅና ከድር በእግራቸው ወደ ቴፒ አቀኑ።