የቀጥቃጩ ኩታ

«ንፊ እንጂ፣ ልጄ! ብረቱ እየጠቆረብኝ ነው!»

አለ ቀጥቃጩ እንየው። ልጁ ደጊቱ ግን ወናፉን ትታ በር በሩን ታያለች። ካሳነሽ ደጃፉ ላይ ቆማ በእጇ ትጠራታለች። በዳንግላ ትምህርት ቤት ከቀጥቃጭ ልጅ ጎን የምትቀመጥ እሷ ብቻ ነበረች።

ደጊቱ ወጣች።

«አበረ ሊሞትብን ነው» አለች ካሳነሽ፤ ታናሽ ወንድሟን ነው። «ትኩሳቱ አልበርድ አለ። እማዬ ‹እንየው በዓይኑ በልቶት ነው› ትላለች። አባቴ ማረሻውን ሊያሠራ ሲመጣ አበረን ይዞት አልነበር?»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ! ከአባትሽ ኩታ ትንሽ ቁረጪልኝ። እሱን አጭሰን እናጥነዋለን። ማንም አያይሽም፣ በማርያም!»

ከውስጥ መዶሻው ብረቱ ላይ አረፈ። ድምፁ እንደሚሰበር ሸክላ ደረቅ ነበር። ደጊቱ ደንግጣ ገባች። የጋለ ብረት እንደ ሊጥ ወደ ፈለጉት ይሳባል፤ የቀዘቀዘ ግን ዱላ አይችልም። የካሳነሽ አባት ማረሻ ከጫፉ ተሰንጥቋል።

እንየው አልተቆጣም። ስንጥቁን አየት አድርጎ ማረሻውን ፍም ውስጥ መለሰው።

«ሰምቻለሁ» አለ። ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ቢላዋ አነሳ። «ይውሰዱት። እኔንስ እግዜር ያውቀኛል።»

ደጊቱ የኩታውን ጠርዝ አየች። እዚህም እዚያም ጎድሏል። እስከ ዛሬ የእሳት ፍንጣሪ የበላው ይመስላት ነበር። አሁን ስታየው ግን የቃጠሎ ምልክት የለውም፤ በስለት የተቆረጠ ነው።

«አባዬ፣ ስንቴ ሰጠሃቸው?»

«የታመመ ልጅ ይዘው ሲለምኑኝ እንቢ ልበል? እንቢ ካልኩማ በልቷል ይሉኛል።»

«ስትሰጣቸውስ ምን አሉህ?»

እንየው የኩታውን ጠርዝ ሳብ አድርጎ ቢላዋውን አስጠጋ። ደጊቱ ቢላዋውን ከእጁ ወስዳ አስቀመጠችና ወደ ጓደኛዋ ተመለሰች።

«አልቆርጥም። ጤና ጣቢያ እንውሰደው፤ እኔ አዝለዋለሁ።»

«አብደሻል? እማዬ አንቺን ልታስነካው?» ካሳነሽ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ቢሞት ባንቺ ነው! ሁለተኛ አጠገቤ እንዳትቀመጪ!»

እያለቀሰች ሮጠች። ደጊቱም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተከተለቻት።

እነካሳነሽ ግቢ ስትደርስ የልጁ ማቃሰት እስከ ውጭ ይሰማል። እናቱ ይታይሽ ድንጋይ ይዛ በሩን ዘግታ ቆማለች።

«ወግጂ! ልጄን እንዳታይብኝ!»

ደጊቱ አልሄደችም። ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ዘረጋችላት፤ ከዚያም ፊቷን አዙራ፣ ጀርባዋን ሰጥታ በርከክ አለች።

«አላየውም፣ እትዬ ይታይሽ። ዓይኔን በዚህ ይሰሩኝና ልጁን ጀርባዬ ላይ ያድርጉልኝ። የጤና ጣቢያውን መንገድ ካሳነሽ ትመራኛለች።»