የትዕዛዝ ማርና የሶርሳ ሳል

ሻንቶ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊው ሶርሳን የማታውቅ ልጃገረድ የለችም። ከእናቷ ጋር ማር የምትሸጠው ትዕዛዝማ ደህናውን ቀሚሷን ቀድዳ ነው የተዋወቀችው።

«ይሄ በመቀስ የተቀደደ ነው» አላት ያን ቀን፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

«ታዲያ ምን ቸገረህ? ስፋ!»

ያኔ ቀና አለ። የስፌት መኪናውን መርገጥም ተወ።

ከተዋደዱ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ሶርሳ ማሳል ጀመረ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ለሳል ማር ነው፤ ይሄን ሕፃንም ያውቃል። ትዕዛዝ በየገበያው ቀን ግማሽ ብርጭቆ ይዛ ትመጣና ፊቱ ቆማ ታስልሰዋለች።

«አልፈልግም» ይላታል።

«ማሬ ነው ያስጠላህ ወይስ እኔ?»

ይልሳል። ከዚያ ውሃ በጆግ ይጠጣል። ከዚያ ሦስት ቀን ይጠፋል። ትዕዛዝ ግራ ገባት። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን? ግን ሌላ የያዘ ወንድ እንዲህ ይከሳል እንዴ?

አንድ ቀን ሱቁ ተዘግቶ ጠበቃት። ጤና ጣቢያ ሄደ ሲሏት በባጃጅ በረረች። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር፣ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ተቀምጧል።

«አትጠጊኝ! ቲቢ ነው አሉኝ።» መሬት መሬት እያየ ቀጠለ፣ «ስኳርም አለብኝ። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ መርፌ እወጋለሁ።»

«ስኳር እያለብህ ማሬን ላስከው?»

«እናትሽ ልጄን ለበሽተኛ አልሰጥም እንዳይሉ ብዬ...»

«ደደብ!» አለችው። እንባዋ ግን ከስድቡ ቀድሞ ወርዷል። «እኔው ነኝ ያሳመምኩህ በለኛ!»

ሲስተር ዓመለወርቅ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ኖሮ፣ «ማር ቲቢ አያሲዝም» አለቻት። «ጀርሙ ከሰው በትንፋሽ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ውስጥ ገብቶ ይተኛል፣ የሰውነት ዘበኞች ከበው ይይዙታል። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ግን ዘበኞቹ ይፈዛሉ። ዘግይተው ይደርሳሉ፣ ደርሰውም በደንብ አይዋጉም።»

«ማሬ ነዋ ያፈዘዛቸው!»

«ስኳሩን ከፍ አድርጎታል፣ አልዋሽሽም። ግን አንቺ እንዳታዪው ብሎ መርፌውን የሚዘለው እሱ ነው።»

ትዕዛዝ ማንን እንደምትቆጣ ጠፋት። እሱን? ራሷን? ማሩን?

ሲስተር መዝገቧን ገለጠች። «መድኃኒቱ ስድስት ወር ነው። በየቀኑ ሲውጥ የሚያይ፣ መርፌውንም የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ካቋረጠ አይተርፍም። ቤተሰብ አለህ?»

«ቤሌ ከተማ ናቸው። ሩቅ ነው።»

«እኔ አለሁ» አለች ትዕዛዝ።

«ምኑ ነሽ ብዬ ልጻፍ?»

ሽማግሌ አልተላከ፣ እናቷ አታውቅ፣ ቤተ ክርስቲያን አልሰማ። ጎረቤት ትበል? ደንበኛ?

«እጮኛው።»

ከጨርቁ ሥር ሳቅ ይሁን ሳል ያለየለት ድምፅ ወጣ። «መቼ ነው ያጨሁሽ?»

«ስድስት ወር አለህ፣ ሽማግሌ ፈልግ» አለችው፣ ሲስተር ያቀበለቻትን ኪኒን እየዘረጋችለት። «አሁን ጨርቁን አንሳና ዋጥ! እያየሁህ ነው።»