ሃያ ሦስተኛው ድንጋይ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፣ ያውም ጥላ በቀትር ለምን እንደሚያጥር፣ ገደል ለምን ድምፅ እንደሚመልስ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲመሽ ለምን እንደሚንቋቋ በሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ሳስረዳ የምውል ሰው ነኝ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜም ገበሬዎችን ሰብስቤ ዛር የለም፣ ጋኔን የለም፣ ያለው ትንኝና ያልፈላ ውኃ ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ፣ ወባ ይዞህ ነበር ወይ ብዬ እጠይቀው ነበር። ወባ አልያዘኝም፣ እመኑኝ፣ የዚያኑ ዕለት ሄጄ ደሜን ተመርምሬአለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፣ ከማሠልጠኛ ወጥቼ ቡሬ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በየካቲት፣ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ካሉት ወንዞች በአንዱ ላይ አርጅቶ የተሰነጣጠቀ የድንጋይ ድልድይ አለ፣ የወንዙን ስም አልጠራም፣ ለምን እንደማልጠራው መጨረሻ ላይ ይገባችኋል። ሁለት ቅስት አለው፣ ሁለቱም መሐል ላይ በቆመ አንድ ወፍራም ምሰሶ ላይ ያርፋሉ። ይህ ድልድይ ሊጠገን ታሰበና ከአዲስ አበባ መኮንን የሚባል መሐንዲስ መጣ፣ በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝም፣ እርስዎ ስለው እየሳቀ «አንተ በለኝ» ያለኝ ሰው ነው፣ ጽሕፈቱ የጠራ ረዳት ስጡኝ ብሎ ቢጠይቅ ርእሰ መምህራችን እኔን ሰጡት።

ሥራው ምን እንደነበረ ላስረዳ፣ ካላስረዳሁ ታሪኩ አይገባም። የመጀመሪያው ክፍል የአካባቢው ጥናት ነው፣ ድልድዩ ቢጠገን በዙሪያው ያለው ነገር ምን ይሆናል የሚል፣ ስንት ዛፍ ይቆረጣል፣ የማን ማሳ ይረገጣል፣ መቃብር አለ ወይ፣ የሚጠፋ የውኃ ምንጭ አለ ወይ፣ ይህን ሁሉ ሰው እየጠየቅሁ በፎርሙ ላይ እሞላለሁ። ሁለተኛው ክፍል መዶሻ ነው። የምሰሶውን ድንጋይ አንድ በአንድ ትመታለህ፣ ከኋላው ሙሉ ከሆነ ጥን ይላል፣ ባዶ ከሆነ ዱብ ይላል፣ እናቴ ጎታው ውስጥ ምን ያህል እህል እንደቀረ ለማወቅ ጎኑን በመዳፏ መታ መታ ስታደርግ የምትሰማው ዓይነት። በፎርሙ ላይ ሁለት ዓምድ ብቻ አለ፣ «ሙሉ» እና «ባዶ»። ባዶ የተባለ ድንጋይ በማግሥቱ በመሮ ተፈልፍሎ ይወጣል፣ ውስጡ በባትሪ ይታያል፣ ከዚያ ቀጭን ሲሚንቶ በግፊት ይሞላበታል።

ችግሩ ከምሰሶው ሥር ምንጭ መፍለቁ ነው። በበጋ ወንዙ ወደ አንደኛው ቅስት ሸሽቶ ይቀጥናል፣ ምሰሶው በጠጠር ላይ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ከሥሩ ክንድ በምታክል ስንጥቅ ውስጥ ንጹሕ ውኃ ይወጣል፣ በዙሪያው ያለው ሰው ከጥር እስከ ግንቦት የሚጠጣው ይህንኑ ነው። መኮንን ሳይደብቅ ነገረኝ፣ ምሰሶው በሲሚንቶ ከተሞላ ምንጩ ይደፈናል። ካልተሞላና ውስጡ በእርግጥ ባዶ ከሆነ ደግሞ አንድ ክረምት ጎርፍ መጥቶ ሲገፋው፣ በላዩ አውቶቡስ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። እንግዲህ የእኔ መዶሻ ምን ላይ እንዳረፈ አያችሁ።

ስለ ምንጩ የጠየቅኋቸው አባ ይሁኔን ነው፣ ከአዊ የመጣ ቤተሰብ ልጅ የሆኑ፣ ማሳቸው ከድልድዩ ራስጌ ያለ ሽማግሌ ናቸው፣ በጉርምስናቸው ለዚህ ድልድይ ድንጋይ ተሸክመዋል።

«ይኸ ቢደርቅ የምትቀዱት ከየት ነው?» አልኳቸው።

«ከገደሉ ሥር። ጠዋት የወጣች ሴት ከቀትር በኋላ ትመለስ ይሆናል፣ እግሯ ከጸና።» ከዚያ ምሰሶውን አዩት። «ምሰሶው ግን ሙሉ ነው ልጄ። በዚህ እጄ ነው ድንጋይና ኖራ የጠቀጠቅሁበት።» ሌላ የሚሉት ያለ መስሎኝ እርሳሴን ይዤ ጠበቅሁ፣ እሳቸው ግን ዘንጋቸውን አንሥተው ወደ ማሳቸው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን መኮንን የነዳጅ ኩፖን ለማስፈረም በላንድሮቨሩ ወደ ቡሬ ሄደ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ፣ ምሰሶውን ጨርሰህ ጠብቀኝ፣ ፎርሙ ዛሬውኑ ወደ ባሕር ዳር መላክ አለበት» አለኝ። እኔም ድንጋዮቹን በትምህርት ቤት ጠመኔ ከታች ወደ ላይ ከአንድ እስከ አርባ ቁጥር ጽፌባቸው መምታት ጀመርኩ። ምንጩ ላይ ሴቶች ነበሩ።

«አስተማሪ፣ ድልድዩ ሳል ይዞት ነው እንዴ ደረቱን የምትመታው?» አለች ጥሩዬ የሚሏት አፈኛ ሴት፣ እንስራዋን እየሞላች። ሌሎቹ ሳቁ።

«እየመረመርኩት ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«ውስጡ ባዶ ከሆነ ሲሚንቶ እናጠጣዋለን» አልኩ፣ ቀልዱን የቀጠልኩ መስሎኝ። ሳቁ ቆመ።

«ይኸ ምንጭስ?»

ማስረዳት እወዳለሁ አይደል፣ ስለ ስንጥቅና ስለ ግፊት ማስረዳት ጀመርኩ፣ እሷ ግን እስክጨርስ አልጠበቀችም።

«እንግዲያ እኛንም አብረህ ሲሚንቶ አጠጣንና ገላግለን!» አለችና እንስራዋን አዘለች። ጥቂት እንደሄደች ግን ዞር ብላ፣ አሁን ቁጣው ከድምፅዋ ወጥቶ፣ «በል አንተም ተነሥ፣ ቀትር ደርሷል። ቀትር ላይ እዚህ አይቆምም» አለችኝ።

በቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ሰው ላብ አልቆበት ራሱን እንደሚስት፣ ሰዉ ይህንን ጋኔን መታው እንደሚል ነገርኳት።

«እሱን ለእሱ አስረዳው» አለችኝ፣ በአገጭዋ ወደ ምሰሶው እያመለከተች፣ ከዚያም ሁሉም ዳገቱን ወጡ።

ስድስት ሰዓት ነበር። እስከ ሃያ ሁለት ያሉት ድንጋዮች ሁሉ ጥን ብለዋል፣ ሁሉንም «ሙሉ» ብዬ በቀጥታ መሥመር ጽፌአለሁ። ሃያ ሦስተኛው በደረቴ ልክ ያለ ነው፣ ግራጫ፣ ከሌሎቹ በምንም የማይለይ። መታሁት።

ዱብ።

አቤት ደስታዬ ቶሎ መክሰሙ! ጠዋቱን ሙሉ አንድ ነገር ሳላገኝ ቆይቼ አገኘሁ ብዬ እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ ስስብ፣ ከድንጋዩ ወዲያ፣ ከውስጥ፣ ዱብ አለ።

የገደል ማሚቶ ነው አልኩ። ግን ማሚቶ ወዲያው ነው የሚመጣው፣ ይኸኛው ሰው ሰምቶ፣ አስቦ፣ እጁን አንሥቶ የመለሰ ያህል ዘግይቷል። ሁለት ጊዜ መታሁ፣ ዱብ ዱብ። ቆየ። ዱብ ዱብ። እሺ፣ ከዳገቱ በላይ የምትወቅጥ ሴት ትኖራለች ብዬ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ፣ ከመንደሩ የውሻ ድምፅ እንኳ አይመጣም፣ ጠዋት ቅስቱ ሥር ሲንጫጩ የነበሩት ወፎችም ዝም ብለዋል፣ መቼ ዝም እንዳሉ አላስተዋልኩም። ከምሰሶው ወዲያ ተደብቆ የሚያሾፍብኝ ይኖራል ብዬ ዞርኩ፣ በአሸዋው ላይ የእኔ ጫማ ዱካ ብቻ ነው ያለው። ተመልከቱ፣ ሁሉንም በሥርዓቱ ነው ያጣራሁት፣ የምፈራ ሰው እንዲህ አያደርግም ብዬ ለራሴ እየነገርኩ።

ተመልሼ ሦስት ጊዜ መታሁ። በዚህ ጊዜ ዓይኔን ከድንጋዩ መጋጠሚያ ላይ አላነሣሁም፣ ያረጀው ኖራ የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ። መልሱ ሲመጣ በእያንዳንዱ ምት ከስንጥቁ ጭስ የመሰለች የኖራ ብናኝ ወደ እኔ፣ ወደ ውጭ፣ ተፍ ትላለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንሽላሊት ከስንጥቁ ወጥታ በክንዴ ላይ አልፋ ወደቀች።

ከዚያ አራተኛው።

እኔ ሦስት ነው የመታሁት። ማሚቶ ጨምሮ አይመልስም፣ ይህንን ለልጆች አስተምሬዋለሁ። መዶሻውን አንድ ጊዜ ልምታ ብዬ አነሣሁ፣ ለምን እንዳነሣሁት ዛሬም አላውቅም፣ እጄ አየር ላይ እንዳለ፣ ገና ሳላወርደው፣ ከውስጥ አንድ ጊዜ ዱብ አለና ዝም አለ። ዝምታው እንደሌላ ዝምታ አይደለም፣ ተማሪ ጠይቄ መልስ ስጠብቅ የማደርገው ዓይነት ነው። ተራው የእኔ ነበር።

መዶሻውን ቀስ አድርጌ ጠጠሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ እንዳይሰማ። ፎርሙን አነሣሁ። «ባዶ» ብዬ ብጽፍ ነገ በመሮ ይከፈታል፣ መሮውን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ባትሪውን ይዤ ጉድጓዱ ውስጥ የምመለከተውም እኔው ነኝ። «መለሰልኝ» የሚል ዓምድ የለም፣ ቢኖርም እኔ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ጋኔን የለም ያልኩት የዘመቻ አስተማሪ፣ እንዲህ ብዬ ፈርሜ ልላክ? በሃያ ሦስት ትይዩ «ሙሉ» ብዬ ጻፍኩ። ከሃያ አራት እስከ አርባ ያሉትን አልመታኋቸውም፣ ሁሉንም «ሙሉ» አልኳቸውና ዳገቱን በሩጫ ወጣሁ።

መኮንን ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ሰንጠረዡን አየው።

«አንዱም ባዶ አልሆነም?»

«አንዱም።»

«አንድ ሁለቱን ደግሜ ልምታቸው ይሆን?» አለና ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ ጽሑፌን እንደገና አየው። «ተወው፣ እንዲህ የጠራ ሰንጠረዥ የሚሠራ ሰው አይሳሳትም።» ፈረመ። እውነቱን ልናገር የሚገባኝ በዚያች ቅጽበት ነበር፣ አፌንም ከፍቼ ነበር፣ የተናገርኩት ግን «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው።

ላንድሮቨሩ ላይ ዕቃ ስንጭን አባ ይሁኔ በዘንጋቸው እየተደገፉ መጡ። መኮንን እስኪርቅ ጠብቀው ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ ስንት ጊዜ መለሰልህ?»

ለማንም አልተናገርኩም፣ ልብ በሉ፣ ለማንም። «ማን?» አልኩ።

«ማን መሆኑን እኔስ መቼ አወቅሁ።»

ዙሪያዬን አየሁ። «ሦስት መታሁ፣ አራት መለሰ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ዘንጋቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «በእኔ ጊዜ እኩል ነበር። ሁለት ብመታ ሁለት፣ ሦስት ብመታ ሦስት» አሉ። «ጨመረ ማለት ነው?» አልኳቸው። «ምን ብለህ ጻፍህ?» አሉኝ።

«ሙሉ።»

ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ፣ ጎንበስ ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ፣ «ምንጫችንን አተረፍህልን፣ እድሜ ይስጥህ» አሉ። ጥሩዬም ነገሩን ሰምታ በሳምንቱ በቅል ማር ላከችልኝ። ማሩን አልበላሁትም። ስለ ምንጩ ብዬ ብዋሽ ኖሮ እበላው ነበር፣ እኔ ግን እንስራም ሆነ ገደል በዚያ ሰዓት አልታየኝም፣ የዋሸሁት ያንን ድንጋይ እንዳልከፍት ነው።

ድልድዩ ተጠገነ፣ አናቱና ግንቦቹ ታደሱ፣ የመሐሉን ምሰሶ «ሙሉ» ስለሆነ ማንም አልነካውም፣ የወንዙን ስም ብጠራ ግን አንድ ሰው መሮ ይዞ ይሄዳል። ምንጩ እስከ ዛሬ ይፈስሳል። ለመኮንን ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጃለሁ፣ «ሃያ ሦስተኛው ድንጋይ» እላለሁ፣ ከዚያ የምለው ይጠፋኛል። እኔም የሰው ቤት ስሄድ በር ማንኳኳት ትቻለሁ፣ ውጭ ቆሜ «ቤቶች!» እላለሁ።

ለሥራ ወደ ፍኖተ ሰላም ስሄድ አውቶቡሱ በዚያ ድልድይ ላይ ያልፋል። መሐል ላይ፣ ልክ ከምሰሶው በላይ፣ ሁለቱ ቅስቶች የሚገጥሙበት ቦታ ትንሽ ጎብጧል፣ የፊት ጎማ ሲያልፍበት ዱብ ይላል፣ የኋላው ሲያልፍ ዱብ ይላል። ሰው ያወራል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ እኔ እቆጥራለሁ። ለብዙ ጊዜ ሁለት ነበር፣ ሁለት ሲሆን እተነፍሳለሁ። ባለፈው ነሐሴ፣ ወንዙ ደፍርሶ ቅስቱን ሊሞላ ሲቃረብ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከፍኖተ ሰላም ለልጃቸው ስለሚገዙት ደብተር ሲያጫውቱኝ ቆጠርኩ፣ አንድ፣ ሁለት።

ከዚያ ከወንበሬ ሥር ሦስተኛው መጣ። እናትየው ወሬያቸውን አቋርጠው ወደ ወለሉ ተመለከቱ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«ምንድን ነው?» አሉኝ።

ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ፣ ያን ጊዜ ግን ሁለት እግሬን ከወለሉ ላይ አነሣሁ።