ለቅሶ የደረሰ ድምፅ

«ሰው ቀብሬ በተመለስኩበት እግሬ ቴሌቪዥን ፊት አልቀመጥም! ነውር የሚባል ነገር የለም እንዴ?»

«ጋሽ ደምሰው፣ እኔ እኮ ነውር አይደለም አላልኩም» አለች ምንትዋብ፣ የአምባሮቹን ሳጥን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው እያዛወረች። «ሕጉ ግን...»

«ሕጉ ለቅሶ አይደርስም!»

«ቢደርስም ንፍሮውን ዘግኖ ነው የሚሄድ» አለች ልብስ ሰፊዋ ዘርፌ ከድንኳኑ አፍ። አግዳሚ ላይ የተደረደሩት ወንዶች ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው የሟች ሚስት እዚያው መሆኗ ትዝ ሲላቸው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ዋጡት።

ጋሽ ደምሰው የቆላ በር እድር ዳኛ ናቸው። የድንኳኑ ኃላፊም እሳቸው፣ ሥርዓት አስከባሪውም እሳቸው። ምንትዋብ ደግሞ ስሜት ለኪ ናት። ከተማው በወረቀት መምረጥን ከተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሰው ወረቀት ላይ የሚወደውን ሳይሆን የሚፈራውን ይጽፋል ተብሎ ነው የተተወው። አሁን በየሰፈሩ ዕጣ የወጣላቸው ጥቂት ሰዎች፣ ሚዛንተኞች የሚባሉት፣ በእጃቸው አምባር አጥልቀው የፓርቲ መሪዎችን ክርክር ያያሉ። አምባሩ የደማቸውን ፍጥነት፣ ላባቸውንና ትንፋሻቸውን እያዳመጠ የትኛው መሪ ልባቸውን እንደነካ ይመዝናል። የሰፈሩ ጉዳይ የሚወሰነው በዚያ ነው። «እጅ ይዋሻል፤ ደም አይዋሽም» የሚል መፈክር በየአደባባዩ ተጽፏል።

የቆላ በር ሚዛንተኞች ግን ዛሬ ሁሉም ለቅሶ ላይ ናቸው። አቶ በላቸው ትናንት ጠዋት የውሃ ወረፋ ላይ እንደቆሙ ወድቀው ሞቱ። መንገዱ ራስ ላይ በየቀኑ የሚቆመው ሹፌር አልባ ቦቴ ቀጭን ውሃውን ሲያንጠባጥብ፣ እሳቸው ከጀሪካናቸው አጠገብ በጎናቸው ተኝተው ሰው የደከማቸው መስሎት ነበር። ዛሬ ረፋድ ላይ ተቀበሩ። ክርክሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀመራል።

«ካላያችሁ ሚዛኑ ወደ ፎቆቹ ይዞራል» አለች ምንትዋብ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስለ እናንተ ውሃ የሚፈርዱት እነሱ ይሆናሉ። ጋሼ፣ ይህን እያወቅሁ ዝም ብዬ ልመለስ?»

ጋሽ ደምሰው ወደ ጋራው ቀና አሉ። ከላይ የሀብታሞቹ ፎቆች የጉም መረባቸውን ዘርግተው ይታያሉ፤ ደመና ሲያልፍ ጤዛውን አጥምደው ወደ ጋናቸው የሚያወርዱበት መረብ ነው። ወደ ታች ግን ጠብታ አያልፍም።

«ከድንኳን ማንም አይወጣም» አሉ በመጨረሻ። «ሰውየውን ብቻውን አንተወውም። ከፈለግሽ የቴሌቪዥኑን መስተዋት ወደዚህ አምጪው። ሙዚቃ ሲመጣ ታጠፊዋለሽ። ድምፁም እንደ ሹክሹክታ ይሁን።»

ደንቡ፣ ሚዛንተኞች ከሌላ ጉዳይ ሁሉ ተለይተው ጸጥ ባለ ክፍል ይቀመጣሉ ይላል። ምንትዋብ ደንቡን ታውቀዋለች። ግን እትዬ ጌጤነሽ፣ የሟች ሚስትና ራሷም ሚዛንተኛ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ስታያት «ውጪና እዚያ ማዶ ተቀመጪ» ለማለት አንደበት አጣች። እሺ አለች። መስተዋቱ ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር ታሰረ፤ አምባሮቹም ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። አንዱን፣ ለማነጻጸሪያ የሚሆነውን፣ ራሷ አጠለቀች።

ክርክሩ ተጀመረ። ሁለት መሪዎች ነበሩ። ወይዘሮ ውባለም ቦቴው ሁለት ይሁን፣ የፎቆቹ ጋን ወደ ታች ይከፈት ትላለች። አቶ ልዑልሰገድ ደግሞ ለቆላ በር የሚሆን ውሃ ከእንግዲህ አይገኝም፤ ሰፈሩ ተነሥቶ ወደ ምሥራቁ አሸዋማ ሜዳ ይሂድ ይላል። ሚዛንተኞቹ እንደ ደንበኛ ፈራጅ ጎናቸውን እየተነካኩ ተንሾካሾኩ።

«ሴትዮዋ ልክ ነች፤ ግን ምን ያንተባትባታል?»

«ወረቀት ላይ ታያለች። ችግሩን ብታውቀው ወረቀት ምን ያደርግላታል?»

«ሰውየው ኮቱ ሲያምርበት!»

«እዩት፣ እዩት፣ ውሃ ጠጣ! ስለ ውሃ እጥረት እያወራ ጭልጥ አደረጋት» አለች ዘርፌ። «ያቺን ብርጭቆ በላቸው ቢያገኛት ኖሮ ዛሬ እዚህ ቁጭ ብሎ ይሰድበው ነበር።»

ምንትዋብ እጇ ላይ ያለችውን ሰሌዳ አየች። መርፌው ለልዑልሰገድ ከዜሮ በታች ወርዷል፤ ንቀትን መሣሪያው ጥርት አድርጎ ያውቃል። ውባለም በመንተባተቧ ብትጎዳም ትመራለች። ምንትዋብ እፎይ አለች፤ ሰሌዳዋንም ጭኗ ላይ አጋደመችው።

ልዑልሰገድ የመዝጊያ ንግግሩን ያዘ። ክፉ ቢሆንም ድምፁ መልካም ነበር፤ ዝግ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ። «ወገኖቼ፣ ቤታችሁን ትታችሁ ስትወጡ እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ...»

በዚህ ቅጽበት ትርንጎ ደረሰች። የአቶ በላቸው አንድያ ልጅ ናት፤ ወደብ ላይ ስትሠራ መርዶውን የሰማችው ዛሬ ጠዋት ነው። ነጠላዋ መሬት እየጠረገ፣ «አባዬ! አባዬ፣ ማን ብዬ ልግባ!» እያለች ከመንገዱ ራስ ወረደች። የሩቅ ልጅ ሲደርስ ለቅሶ እንደ አዲስ ይነሣል፤ ተቀምጦ የሚቀበል ሰው የለም። ድንኳኑ ሙሉ ተነሣ። እትዬ ጌጤነሽ ደረቷን እየመታች ወጣች፤ ጋሽ ደምሰው ዱላቸውን ተደግፈው እንደ ልጅ አነቡ። ዘርፌ እንኳ፣ ያቺ ምላሰኛ፣ ከሁሉ በላይ ጮኸች። ምንትዋብም ተነሥታ ነበር። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳይሰማው፣ ልዑልሰገድ ምሰሶው ላይ ሆኖ እስከ መጨረሻው ተናገረ።

ሰሌዳዋን ያነሣችው ለቅሶው ጋብ ሲል ነው። መርፌው ጥግ ደርሶ እዚያው ቆሟል። ከታች ጽሑፉ እየበራ ይጠፋል፦ «ልዑልሰገድ። ጥልቅ መነካት። በሰፈሩ ታሪክ ከፍተኛው።»

የአምባሩ ሠሪዎች ሐዘንን ከፍቅር ጋር በአንድ መደብ ነው ያስቀመጡት። ሰው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የሚያለቅሰው ከነኩት ብቻ ነው ብለው ገምተው ነበር። ቴሌቪዥን ወደ ለቅሶ ቤት ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ወደ ድንኳኑ ጀርባ ዞራ በጆሮ ስልኳ አለቃዋን ጠራች። አቶ ቴዎፍሎስ ጨዋ ሰው ነው፤ በሥራው ተቆጥቶ አያውቅም።

«አልቅሰዋል?» አለ።

«አልቅሰዋል፤ ግን ለእሱ አይደለም። ሰው ሞቶባቸው ነው።»

«ምንትዋብ፣ መሣሪያው ለማን አለቀሱ አይልም። አለቀሱ ነው የሚለው። አለቀሱ ካልሽ ምን አጠፋ?»

«ሊነቀሉ ነው እኮ! አንተው ቤትህን የሚያፈርስብህን ሰው ወድጄ አለቀስኩለት ትላለህ?»

«ይሰረዝ ካልሽ ሚዛኑ ወደ ፎቆቹ ይዞራል፤ ይህን ታውቂያለሽ። የሚፈቀድልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ ከሰዓት በኋላ ቅጂውን ድጋሚ አሳዪያቸው። ጸጥ ባለ ክፍል፤ በደንቡ መሠረት። ያ የሚጸና ነው። ከዚያ በኋላ ውሳኔው በራሱ ሥራ ይጀምራል፤ እኔም አላስቆመውም።»

በማግስቱ የእድሩ ዕቃ ማስቀመጫ ቤት ተጠረገ። ድስቶቹና ጣባዎቹ ወደ ጥግ ተገፉ፤ በሩ ተዘጋ። ትርንጎ እንዳትመጣ ዘመዶቿ ቤት አዋሏት። ምንትዋብ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«እና ትናንት እኛው ራሳችንን ነቅለናል ነው የምትዪኝ?» አሉ ጋሽ ደምሰው።

«አምባሩ ነው፣ ጋሼ።»

«አምባሩን ያሰርኩት እጄ ላይ ነዋ።»

«አሁን ልባችሁን አጽኑ» አለች ምንትዋብ። «ሲናገር የሚላችሁን ብቻ ስሙ። ምን ሊያደርጋችሁ እንደሆነ አስቡ።»

«እኔ በበኩሌ ድንጋይ ነኝ» አለች ዘርፌ አምባሯን እያጠበቀች። «ያንን ኮታም እያየሁ የማለቅስ? ባሌ ጥሎኝ የሄደ ጊዜም አላለቀስኩ!»

ቅጂው ተከፈተ። ሁሉም መልካም ሄደ። ልዑልሰገድ ውሃውን ሲጠጣ መርፌው ወረደ፤ ውባለም ስትንተባተብ እንኳ አንዳንዶቹ «አይዞሽ» አሏት። ምንትዋብ ዛሬ ሰሌዳውን ከዓይኗ አልለየችውም። ቆላ በር ውሃውን ሊያተርፍ ነው።

ከዚያ የመዝጊያው ንግግር መጣ። «ወገኖቼ፣ ቤታችሁን ትታችሁ ስትወጡ...»

በመጀመሪያ የእትዬ ጌጤነሽ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። በሩ ዝግ ነው፤ እሷ ግን ወደ በሩ ዞራ ታያለች። ጋሽ ደምሰው ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨመቁት፤ አልረዳቸውም። የለቅሶውን ዋይታ እንዳያነሡ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ነበር፤ ዕንባን ግን በነጠላ መያዝ አይቻልም። ዘርፌ ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «አንተ ሌባ፣ አንተ ሌባ» እያለች ትሳደባለች፤ ዕንባዋ ግን በጉንጯ ይወርዳል። ልዑልሰገድ «አብሬያችሁ ነኝ» ሲል ክፍሉ ሙሉ ተነፋረቀ። መርፌው ትናንት የደረሰበትን ጥግ አልፎ፣ ቁጥር የሌለበት ቦታ ላይ ቆመ።

«አጥፊው! ኧረ አጥፊው!» አለች ዘርፌ። ጠፋ። ግን አልቆ ነበር።

ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ አንዱ ተነሥቶ በሩን ከፈተ።

«እትዬ ጌጤነሽ፣ ለምን?» አለች ምንትዋብ። ጥያቄው ካፏ ከወጣ በኋላ አፈረችበት።

«ልጄ፣ እኔ ሰውየውን አልሰማሁትም። ድምፁ ሲመጣ ትርንጎ በር ላይ ትታየኛለች። በላቸውም አብሯት።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ደግሞስ ትናንት አልተለየንም። ሁላችንም ስንጮህ እሱ ሳያቋርጥ ሲያወራ ነበር። ለቅሶ የደረሰ ሰው እኮ ነው።»

«ምኑን ደረሰ፣ እትዬ! ምሰሶ ላይ ታስሮ!»

«የታሰረውም ቢሆን።»

ጋሽ ደምሰው ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን እንደ ዳኛ ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «መድረስስ ደርሷል» አሉ፤ ለራሳቸውም የከበዳቸው ይመስል ነበር።

ምንትዋብ የማነጻጸሪያውን አምባር ከእጇ አወለቀች። ይህ አምባር የለኪውን ዝምታ ከሚዛንተኞቹ ሁከት ጋር ለማስተያየት የተሠራ ነው፤ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ማለት አለበት። ነገሩን ሁሉ የምታውቀው፣ የውሸቱን ምንጭ በጣቷ የምታሳየው፣ ሟችን በቁም አይታ የማታውቀው እሷም፣ «ቤታችሁን ትታችሁ» የሚለው ቃል ላይ መስመሯ እንደ ሌሎቹ ወደ ላይ ተነሥቷል። ደም አይዋሽም ይላል መፈክሩ። እውነት ነው፤ አልዋሸም። የተናገረው ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ የሰው ልብ ደግሞ የተጎዳበትን ጊዜና በዚያ ጊዜ የሰማውን ድምፅ ለይቶ ማስቀመጫ ቦታ የለውም። ይህን የሚያርም መሣሪያ የሚሠራ ሰው ቢገኝ፣ ያም ሰው የሆነ ቀን አባቱ ይሞትበታል።

ሰሌዳው አንዴ ብልጭ አለ፦ «ጸድቋል።»

መስተዋቱም በራሱ በራ። ልዑልሰገድ ነበር፤ ዜናው ደርሶታል። ኮቱን አውልቆታል፤ ዓይኑ ቀልቷል። «የቆላ በር ሰዎች...» አለና ዓይኑን ጠረገ። «ለምን ሁለት ጊዜ እንዳለቀሳችሁልኝ አላውቅም። እናቴ እንኳ... ውለታችሁን በምን እንደምከፍል አላውቅም።» እያስመሰለ አልነበረም። ምንትዋብ በሥራዋ ብዙ አስመሳይ አይታለች፤ ይህ ሰው እውነቱን ነው።

«አሁን ደግሞ እሱን ማን ያጽናናው?» አለች ዘርፌ።

«ተዪው፣ እሱም የሰው ልጅ ነው» አለች እትዬ ጌጤነሽ።

«የሰው ልጅ ነው ብለሽ ነው አሸዋ ላይ የሚያስተኛሽ?»

«አሸዋም ላይ ቢሆን ሰው ከሰው ጋር ነው የሚተኛ። ድንኳኑንስ ይዘን እንሄዳለን አይደል፣ ጋሽ ደምሰው?»

«ድንኳኑማ የእድሩ ነው። ይሄዳል።»

«አንዱ ምሰሶ ተሰንጥቋል» አለ ከኋላ አንዱ። «ሳንሄድ መለወጥ አለበት።»

«የትኛው ነው የተሰነጠቀው?»

«በበሩ በኩል ያለው። መስተዋቱን ስናስር ነው።»

ስለ ምሰሶው ክርክር ተነሣ። አንዱ ባህር ዛፍ ይሻላል አለ፤ ሌላው ብረት። ምንትዋብ አምባሮቹን አንድ በአንድ እየወለወለች ወደ ሳጥኑ መለሰች። በሩን ከፍተውት ስለነበር መንገዱ እስከ ራሱ ድረስ ይታያል። ከላይ ቦቴው የቧንቧውን አፍ ዘጋ፤ የውሃ ጎማውን ጠቅልሎ ወደ ሆዱ ሰበሰበ፤ ከዚያም ከተደረደሩት ጀሪካኖች አጠገብ ቀስ ብሎ ዞረና ወደ ፎቆቹ የሚያወጣውን ዳገት ተያያዘው።

«ብረት ይዝጋል» አሉ ጋሽ ደምሰው።