ሁለቱ ታኮዎች

ኢንስፔክተር ብሩክታዊት ከአርባ ምንጭ ጨንቻ ስትደርስ፣ የደበሌን አስከሬን ያነሱት ሰዎች ገና እጃቸውን አልታጠቡም ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሸራ ለብሳ ግቢው ውስጥ የከረመችው ፒካፕ ቁልቁል ተንሸራታ፣ ባለቤቷን ከድንጋይ አጥሩ ጋር አጣብቃ ገድላዋለች።

መካኒኩ ሳምሶን በአንድ ፖሊስ ካቴና ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። የሟች ሚስት ሻሺቱ ፊቱ ቆማ አልነቃነቅ ብላለች።

«የጎማዎቹን ታኮ ያነሳው እሱ ነው» አለች። «ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ሕግ ከለቀቀው እኔ አልለቀውም።»

ሐዘኗ ገና እንባ አልሆነም። በቀል ብቻ ነበር።

ብሩክታዊት ሳምሶንን ለብቻው ወስዳ ጠየቀችው። መኪናዋ ለመስቀል እንድትነሳ ባትሪ ይዞ መምጣቱን፣ ከማርሽ አውጥቷት ናፍጣ ሊገዛ መሄዱን ነገራት። ደበሌን ከፊት ቆሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ሲወለውል ነው የተወው።

«የእጅ ፍሬኑስ?»

«የጨንቻን እርጥበት ያውቁታል፣ ኢንስፔክተር። ስበው ካቆሟት ዝጎ ይጣበቃል። ከማርሽ ከወጣች ወዲያ የያዟት ክረምቱን የከረሙት ሁለት የድንጋይ ታኮዎች ብቻ ናቸው።»

«ታዲያ የት ሄዱ?»

ሳምሶን ወደ ኋላ ጎማዎቹ አየ፤ ታኮዎቹ የሉም።

ነገሩ ብሩክታዊትን እረፍት ነሳት። የገደለ ሰው ከባድ ድንጋይ ተሸክሞ አይሸሽም፤ እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ተንበርክካ መኪናዋ የቆመችበትን ቦታ አየች። ጎማዎቹ የከረሙበት ሣር ገርጥቷል፤ ከፊቱ ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ፣ ውስጣቸው እንደ ሳህን ልሙጥ ነው። የግቢው አጥር ድንጋይ ግን ሁሉም ስለታም ነው።

ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤት ወይዘሮ አገኘሽ ጥጥ ሲፈትሉ ማርፈዳቸውንና ምንም አለመስማታቸውን ተናገሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህችው ፒካፕ አንድ ልጃቸውን መክሊትን በራቸው ላይ ገጭታ ገድላባቸዋለች። ሽማግሌዎች የእርቅ ምልክት የሆነውን ርጥብ ሣር ይዘው ከሹፌሩ ከደበሌ ጋር አስታርቀዋቸዋል።

«ያ በመንገዱ ዳር የተከመረው ድንጋይስ?» አለች ብሩክታዊት።

«የወደቀችበት ነው። አባቷ ከኩልፎ ወንዝ ነው ያመጣልኝ። ወንዙ ውስጥ መጫወት ትወድ ነበር።»

ብሩክታዊት ሁሉንም እዚያው ክምሩ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ደበሌ ታኮውን ራሱ አንስቶ ቢሆን፣ ድንጋዮቹ ግቢው ውስጥ ይገኙ ነበር» ብላ ጀመረች። «ሳምሶን ቢያነሳውም እንደዚያው። ድንጋይ የሚሰርቅ ሰው የለም፤ ወደ ቦታው የሚመልስ ግን አለ።»

ጎንበስ ብላ ከክምሩ ሁለት ድንጋዮች አነሳች። ሌሎቹ በክረምቱ ዝናብ የድንጋይ ሽበት አውጥተው አረንጓዴ ሆነዋል። እነዚህ ግን አንድ ጎናቸው ደረቅ ነው፤ የጎማ ጥቁር ተለጥፎበታል። ይዛቸው ግቢ ገባችና በጎድጓዳዎቹ ላይ አስቀመጠቻቸው። ልክ ገጠሙ።

«እነዚህን የትም መጣል የማይችል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው» አለች።

አገኘሽ አልካዱም።

«ቂም አልነበረኝም፤ ታርቄያለሁ። ክረምቱን ክምሩን ሣር ውጦት ጉድለቱን አላየሁም። ዛሬ ሸራው ሲገፈፍ ግን አየኋቸው። ልጄን የገደለች መኪና የልጄን ድንጋይ ተደግፋ ከርማለች።»

«ከፊት መቆሙን ያውቁ ነበር?»

«አንዱን ድንጋይ አንስቼ ደበሌን በስሙ ጠራሁት። ማን እንደሆንኩ ሳያይ እንዲሞት አልፈለግኩም። ቀና ብሎ ሲያየኝ ሁለተኛውን በዶማ ፈነቀልኩት።»

ሻሺቱ ድንገት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ደበሌ አያውቅም» አለች። «መኪናዋን ያቆመ ቀን ዝናብ ነበር። ፍሬን ረግጦ ታኮ አምጪ አለኝ። ሮጬ ወጥቼ እጄ የደረሰበትን አመጣሁ። የማን እንደሆነ አውቅ ነበር። ነገ እመልሳለሁ ብዬ ነው።»

ረፋዱን ሙሉ ደም ደም ስትል የነበረችው ሴት አሁን ከራሷ በቀር የምትጠይቀው ሰው አጣች። አገኘሽ ቁልቁል አዩዋት። በፊታቸው ላይ ጸጸት ይፈልግ ለነበረ ሰው፣ የተገኘው ቁጭት ብቻ ነበር።

«መጥራት የነበረብኝ ያንቺን ስም ነበር» አሏት።

ፖሊሱ የሳምሶንን ካቴና ፈታና ወደ አገኘሽ ሄደ።