አጎት የተባለው ሰው

«ሟች ስንት ልጆች ነበሯቸው?»

የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ልጅቷ አፏን ልትከፍት ስትል እናቷ ቀደመቻት።

«አንድ። ይህችው ናት።»

«ሌላ ወራሽ ከሌለ ነገ ዳኛው ፊት ቀርባችሁ፣ ምስክር ተሰምቶ ያልቃል። ካለ ግን መጥሪያ ይላክለታል፣ ከጠፋ በጋዜጣ ይጠራል። ከዚያ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ነው።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለች ልጅቷ።

«እኔ ምን አውቄ የኔ እናት? እዚህ ደጅ ሲጠኑ የሸበቱ አሉ።»

ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ቤተሰቡ የሚተዳደርበት ፀጉር ቤትም የንግድ ፈቃዱም በአባቷ ስም ነው። የወራሽነት ማረጋገጫ እስኪወጣ መክፈትም ማከራየትም አይቻልም። እናቷ፣ የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ስትሠራ የኖረችው፣ አሁን ሌላ ሴት ዘንድ ተቀጥራ ጭንቅላት ታጥባለች። ጣቶቿ በሻምፖ ተሰነጣጥቀዋል።

«እማ፣ አጎቴስ?»

«አጎትሽ ምን ሆነ?»

«ቀብር ላይ ‹አባዬ፣ አባዬ› እያለ ነበር የሚያለቅሰው።»

«ታዲያ ምን ይበል? ትልቅ ሰው ሁሉ አባዬ ይባላል።»

«ወንድም ወንድሙን?»

እናቷ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች።

«አባትሽ እኔን ከማግባቱ በፊት የወለደው ነው» አለች በመጨረሻ። «አጎትሽ ነው ያልንሽ እኛ ነን። እሱ እንደሆነ መጥቶ የኔ ድርሻ አላለም። ዝም ያለውን ሰው ምን አስቀሰቀሰሽ?»

«ዳኛው ቢጠይቁኝ ምን ልበል?»

«ሁለት ነን በያ! አንቺ ተድረሽ ትሄጃለሽ፣ እኔ የሰው ጭንቅላት ሳጥብ አረጃለሁ፣ ቤቱም እንደተቆለፈ ይፈርሳል።»

ይህን ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሣች።

አውቶቡስ ውስጥ እናቷ መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ልጅቷ አጎት የተባለው ሰው በቀብሩ ዕለት «ከቸገረሽ ደውይ» ብሎ የሰጣትን ቁጥር አወጣች። ደወለች፤ አይነሳም። ስለዚህ ጻፈች፦

«ወንድሜ፣ ነገ ዳኛው ሲጠይቁኝ ሁለት ነን እላለሁ። መጥሪያ ይመጣልሃል። እባክህ አትጥፋ፤ ከጠፋህ እማዬ አለቀላት። የት ነው ያለኸው?»

ጣቷ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ። ላከችው።

መልእክቱ ደረሰ። መልስ ግን አልመጣም፤ በማግስቱ ዳኛው ፊት «ሁለት ነን» ስትልም፣ ፀጉር ቤቱ እንደተቆለፈ ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈትም።