አሥራ አራት ቋጠሮ

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱን ዝቅ አድርጉት። የዛሬው ሰውዬ ሊታዘንለት የሚገባ ሰው አይደለም፤ ቀድሜ ልንገራችሁ።

ጊዜው ድሮ ነው። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት። ጨረቃ የለችም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቦ ገና ማባራቱ ነው። ከወርቅ ጉድጓድ የወጣ አፈርና ድንጋይ ተከምሮ ተከምሮ ተራራ አህሏል። በክምሩ ወገብ ላይ አንዲት ቀጭን መንገድ አለች። በዚያች መንገድ ማን ይመጣል? ባንተይርጋ ይመጣል። ከየት? ከጠጅ ቤት ነዋ! ከሌላ ከየት ሊመጣ?

ሥራው ምን ነበር? ውሃ መለካት። ክምሩ ውስጥ ቱቦ ተቀብሯል። ማታ ማታ በገመድ ጫፍ ብረት አስሮ ወደ ቱቦው ይለቃል። ብረቱ ውሃ ሲነካ፣ የወረደውን ገመድ ቋጠሮ ይቆጥራል። ቋጠሮው ብዙ ከሆነ ውሃው ሩቅ ነው፤ ሰው ይተኛ። ጥቂት ከሆነ ውሃው ሽቅብ መጥቷል፤ ክምሩ ሊናድ ነው። ከዚያ አናቱ ላይ የተተከሉትን ችካሎች ያያል። ችካል ከችካል ከተራራቀ መሬቱ ተሰንጥቋል። ይኸው ነው ሥራው!

ባንተይርጋ ግን እሁድ እሁድ አልጋው ላይ ተጋድሞ የሳምንቱን ልኬት ባንዴ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር። ሰኞ አሥራ አራት። ማክሰኞ አሥራ አራት። ረቡዕ? አሥራ አራት! ሰነፍ ብዬ አልጠራውም፤ ሰነፎች ይቀየሙኛል።

ከክምሩ ሥር አሥራ ሁለት ቤት አለ። ሰዎቹ የሚተኙት በእሱ ቃል ነው። በዚያው ቀን ጠዋት እትዬ ትርንጎ የምትባል ባልቴት መንገድ ላይ አስቆመችው።

«ባንተይርጋ፣ ከጓሮዬ ድፍርስ ውሃ እየመነጨ ነው። ኧረ ክምሩን እየው ልጄ!»

«የምለካው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ? አሥራ አራት ነው፤ አርፈው ይተኙ!» ብሏት አለፈ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እሱም እየሳቀ ሄደ።

እና ሌሊት በዚያች መንገድ ሲመጣ አንድ ድምፅ ሰማ። ቃ... ቃ... ቃ። ብረት ቱቦ ሲነካ። ቆመ። ድምፁም ቆመ። ተራመደ። ቃ... ቃ። «ጠጁ ነው» አለ።

ትንሽ እንደሄደ ገመድ እግሩን ነካው። እርጥብ ገመድ። ገመዱ በራሱ ይሳባል። ወዴት? ወደ ቱቦው። ቱቦው አጠገብ ጀርባውን የሰጠ ሽማግሌ አጎንብሷል። ይቆጥራል። «አንድ... ሁለት...» ገመዱም ቆመ።

ባንተይርጋ ያንን ጀርባ አወቀው። አያ ጓዴ ነው! ከእሱ በፊት ሠላሳ ዓመት ውሃ የለካው፣ ከሞተ ሁለት ዓመቱ! ገመዱን ከእጁ ፈልቅቀው ነበር የቀበሩት።

«ባንተይርጋ፣ ጻፍ። ሁለት።»

«አ... አሥራ አራት ነው፤ ደብተሩ ላይ አለ።»

ሰማችሁ? ከሙት ጋር ተከራከረ!

ሽማግሌው ዞረ። ፊት የለውም። ጭቃ ነው። ጭቃውም ይፈስሳል።

«ውረድና ቀስቅሳቸው» አለ።

መንገዷ እዚያ ላይ ለሁለት ትከፈላለች። አንዷ ቁልቁል ወደ ቤቶቹ፣ አንዷ ሽቅብ ወደ አናቱ። በየትኛው ሮጠ? ሽቅብ! ቢጮህ እንኳ ይሰማ ነበር። ግን ከጮኸ «እስከዛሬ ምን ስትለካ ኖርክ?» ሊሉት ነው። እሱ ከሚያፍር አሥራ ሁለት ቤት ሰው እንዲቀበር መረጠ። ቱ!

ታዲያ ናዳ ከየት ይጀምራል? ከአናቱ። ስንጥቁ እዚያ አፉን ከፍቶ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ወጥቶ ችካሎቹን ቢያይ ያውቅ ነበር። አላየም። በሩጫ ገባበት። ክምሩም ከኋላው ግው ብሎ ተናደ፤ አሥራ ሁለቱንም ቤት ዋጠ።

ሰዎቹስ? ሰዎቹማ ማዶ ናቸው። እትዬ ትርንጎ ከእሱ ቃል ይልቅ የጓሮዋን ውሃ አምና፣ ገና ሳይመሽ እያንዳንዱን በር አንኳኩታ ከነከብቱ አውጥታቸዋለች። ሲቆጠሩ የጎደለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ፈላጊም አላገኘም።

አሁን በዚያ ክምር ብቻችሁን አትሂዱ። አያ ጓዴን ፈርቼ አይደለም፤ እሱ አርፏል። ሌላ ነው የሚቆጥረው። ብረቱን ወደ ቱቦው ሳይለቅ «አሥራ አራት... አሥራ አራት...» ይላል። አላፊ አግዳሚውን «ውሃው የት ደረሰ?» እያለ ይከተላል፤ ዛሬም ራሱ መለካት ሰልችቶት! የሄደበት ሁሉ ይረጥባል።

ተረቴን አትመልሱልኝ፤ እኔም አልፈልጋትም። ግን አንቺ፣ በሩ ሥር የተቀመጥሽው፣ እግርሽ ሥር ያለው ውሃ ከየት መጣ?